ብሬከር የሚጥል አምፕሊፋየር ይዛችሁ ደሴ የምትሄዱ ከሆነ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለችው ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት፣ ዕቃ ካሠራሁባቸው ቤቶች ሁሉ የማምናት ናት። ርካሽ አይደለችም። ፈጣንም አይደለችም። ግን የብልሽቱን መነሻ ሳያገኙ ዕቃ የማይመልሱ ሰው አሉባት። ይህን ሁሉ የምጽፈውም እንዲህ ያለ ባለሙያ የት እንዳለ ማወቅ ለብዙ ሰው ስለሚጠቅም ነው።

ቤቷ ስም የላትም። በሩ ላይ በቀለም «ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ቲቪ ይጠገናል» ተብሎ ተጽፏል፤ በቃ። ከዋናው አስፋልት ገባ በሉና ልብስ ሰፊዎቹን አለፍ ስትሉ ታገኟታላችሁ። ሰውዬው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው። ደንበኛው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው።

ዕቃው የአባቴ አምፕሊፋየር ነው። ታላቅ እህቴ ከጅዳ ስትመለስ ያመጣችለት፣ የድሮ ዓይነት፣ ከባድ ብረት። አባቴ መንዙማውንም፣ በባቲ ቅኝት የሚመታውን ማሲንቆም የሚሰማው በሱ ነው። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ቡና ተፈልቶ ያ ድምፅ ከሌለ ቤቱ ይከብደናል። ስለዚህ «አሮጌ ነው፣ ጣሉትና አዲስ ግዙ» ለሚለን ሁሉ ጆሮ አልሰጠንም።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ዝም አለ። መብራቱም አይበራ፣ ድምፅም የለ። እዚያው ኮምቦልቻ፣ ቤታችን አቅራቢያ ያለ ጠጋኝ ወሰደውና በማግሥቱ «ፊውዝ ነው፣ ተስተካክሏል» ብሎ አመጣልን። የስፒከሮቹንም ገመድ ራሱ አስሮልን ሄደ። ጥቂት ጊዜ ደህና ሠራ። ከዚያ አንድ ምሽት ድምፁ ከፍ ባለበት «ጧ!» አለና ቤቱ ሁሉ ጨለመ። ብሬከሩን፣ ኃይል ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠውን ማብሪያ፣ መለስነው፤ መብራት መጣ። አምፕሊፋየሩን ስንከፍተው ብሬከሩ ያኔውኑ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን በነካን ቁጥር ይጥላል።

የቤት ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ሰው ጠራን። ሳጥኑን ከፍቶ አየና ጥፋቱን የእንጀራ ምጣዱ ላይ አደረገው። ምጣድን መጠርጠር ስህተት አይደለም። 3,500 ዋት አካባቢ የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ላይ ብቻውን ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። ግን ምጣዱ ተነቅሎ እያለም ብሬከሩ ይጥል ነበር። ይህን ስነግረው የሰጠኝ መፍትሔ አስደነገጠኝ። «ይሄን 16 አውጥተን 32 እናስገባ፣ ከዚያ በኋላ አይጥልም» አለኝ።

ላይጥል ይችል ይሆናል። የሚነደው ግን ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ብሬከር አምፕሊፋየሩን አይጠብቅም። የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ለሶኬት የተዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር የተጋባው፣ ሽቦው ከመጋሉ በፊት ብሬከሩ እንዲወርድ ነው። 32 ስታስገቡበት ሽቦው እየጋለ፣ ሽፋኑ እየቀለጠ ብሬከሩ ቆሞ ያያል። እባካችሁ፣ ማንም ይምከራችሁ ማን፣ ሽቦው ሳይቀየር ብሬከር አታሳድጉ። ሰውየውን አመስግኜ ሸኘሁት።

በማግሥቱ አምፕሊፋየሩን በጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባስ ያዝኩ። ሐረጎን ሽቅብ ስንወጣ በየጠመዝማዛው ጉልበቴ ላይ ይንሸራተት ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አንዱን ጎን ደግፈው ይዘውልኝ እስከ ደሴ መነኸሪያ ደረስን።

ጋሼ ካቻቢቴ አላነሱም። መጀመሪያ ጠየቁኝ።

«የሚጥለው ሶኬት ላይ ስትሰኪው ነው ወይስ ስትከፍቺው?»

«ስከፍተው ነው ጋሼ።»

«ወዲያው ወይስ ቆይቶ?»

«ወዲያው።»

«ስፒከር ሳይታሰርስ?»

«ያኔም ይጥላል።»

«አብሽሪ፣ ግማሹን መንገድ ሄደናል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቁልፉ ሳይከፈት፣ ሶኬት ላይ ሲሰካ ብቻ ከጣለ፣ ጥርጣሬው ገመዱ ላይ ወይም ከቁልፉ በፊት ያሉት ዕቃዎች ላይ ነው። ሲከፈት ያኔውኑ ከጣለ ጣጣው ያለው ኃይል በሚገባበት በኩል ነው፤ ቮልቱን የሚቀይረው ትራንስፎርመር፣ ኃይሉን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ዳዮዶች፣ ኃይል የሚያከማቹት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች፣ ወይም ከነሱ ቀጥሎ ያሉት፣ ስፒከሩን የሚነዱት የውጤት ትራንዚስተሮች። ቆይቶ ከጣለ ደግሞ ብዙ ጊዜ መስመሩ ላይ ጭነት በዝቷል ማለት ነው። ብሬከር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉና ነው። አንዱ ሲሞቅ ቀስ ብሎ የሚታጠፍ ጥንድ ብረት ነው፤ ለጭነት። ሌላው ጥቅል ሽቦ ነው፤ ድንገተኛ ትልቅ ኃይል ሲያልፍ ወዲያው የሚስብ፣ ለሾርት፣ ማለትም መነካካት የሌለባቸው ሁለት ጫፎች ሲነካኩ። የኛ ብሬከር «ጧ» እያለ የሚወርደው በሁለተኛው ነበር።

ቀጥለው ዕቃውን አዙረው ጀርባውን አዩ። 110 እና 220 የሚል ትንሽ መምረጫ አለው። ሳዑዲ ከዚህ በፊት በብዙ ቤት 127 ቮልት ነበር የሚጠቀሙት፤ ከዚያ የሚመጣ የድሮ ዕቃ ብዙ ጊዜ ይህ መምረጫ አለው። 110 ላይ እንዳለ እኛ አገር ከተሰካ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ይስባል፤ ብሬከር ይጥላል ወይም ይቃጠላል። የኛው 220 ላይ ነበር። ከጅዳም ሆነ ከሪያድ ዕቃ የመጣላችሁ ሰዎች ግን ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ የሌለበት ሰፈር የለም።

አሁን ወደ ወደድኩት ነገር ልምጣ። ጠረጴዛቸው ላይ አንዲት ጣውላ አለች። ጣውላዋ ላይ ሶኬትና የአምፖል መያዣ ተገጥሟል። መያዣው ውስጥ ያለው የድሮው ባለ ክር አምፖል ነው፣ 100 ዋት። ኃይሉ መጀመሪያ በአምፖሉ፣ ከዚያ ወደ አምፕሊፋየሩ ያልፋል። ተማሪዎቼን ሲሪየስ ሰርኪዩት ሳስተምር ሰሌዳ ላይ የምስለው ነገር እዚያ ተሠርቶ ቆሟል። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ሾርት ካለ ሙሉውን ኃይል አምፖሉ ይሸከመዋል። ቢበዛ 0.45 አምፔር ያህል፣ ከግማሽ አምፔር በታች የሆነ ኃይል ብቻ ያልፋል፤ ብሬከርም አይጥልም፣ ዕቃም አይነድም። ለዚህ ሥራ ኤል ኢ ዲ አምፖል አይሆንም፣ ክር ያለው መሆን አለበት። ገበያ ላይ እየጠፋ ስለሆነ ጋሼ የተረፏቸውን በካርቶን፣ በጋዜጣ ጠቅልለው አስቀምጠዋል።

ጤነኛ አምፕሊፋየር ሲሰካ አምፖሉ ብልጭ ይልና ቀስ ብሎ ይደበዝዛል፤ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ ነው። የኛው ሲከፈት አምፖሉ ቦግ አለ። ቦግ እንዳለም ቀረ።

ክዳኑን ከፈቱ። ካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረ ኃይል እንዳይኖር መጀመሪያ በሬዚስተር አፈሰሱት። ብዙዎች በካቻቢቴ ያገናኙትና ብልጭታ ያስነሳሉ፤ እሳቸው አያደርጉትም። ከዚያ ፊውዙን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ምንም ሳይሉ መነጽራቸውን አስተካክለው በፒንሳ የሆነ ነገር ነቅለው ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጡልኝ። የመዳብ ሽቦ ነው። ከገመድ ውስጥ የተመዘዘ፣ በፊውዙ መስታወት ላይ የተጠመጠመ፣ ሁለቱ ጫፎች በሊድ የተበየዱ። ውስጡ ያለው የፊውዙ ክር ተበጥሷል። ጎኑ ላይ 5 አምፔር የሚለው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል።

«ይቺ ብትኖር ኖሮ ብሬከርሽ አያውቀውም ነበር» አሉኝ።

የመጀመሪያው ጠጋኝ «ፊውዝ ነው» ያለን ይህንን ነበር። ፊውዙ የተቃጠለበትን ምክንያት አልፈለገም። አዲስ ፊውዝም አልገዛም። በሽቦ አሰረው። አልነገረንምም። ይህ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ። አንድ የመስታወት ፊውዝ ስንት ብር ነው? አባቴ በዚያ ዕቃ አጠገብ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ነው የሚሰማው።

ጋሼ ከዚህ በኋላ አንድ በአንድ እየለዩ ሄዱ። ከትራንስፎርመሩ ወደ ዳዮዶቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች ፈቱና እንደገና በአምፖሉ በኩል ከፈቱት። አምፖሉ ጨለመ። ትራንስፎርመሩ ደህና ነው ማለት ነው፤ እኔም ትልቅ ትንፋሽ ተነፈስኩ፣ ምክንያቱም የዚያ ዓይነት ትራንስፎርመር ማግኘት ከባድ ነው። ቀጥሎ ብሪጁን፣ አራቱ ዳዮዶች በአንድ የታሸጉበትን፣ በቴስተር ለኩት። ጤነኛ ዳዮድ በአንድ በኩል 0.5 ወይም 0.6 ያሳያል፣ በሌላው በኩል ምንም አያሳልፍም። የኛው ሁለቱ በሁለቱም በኩል ዜሮ አሳዩ። ቴስተሩ እየጮኸ።

ብሪጁን ቀይረው ቢሰጡኝ ኖሮ እዚያው ከፍዬ ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር። እሳቸው ግን «ብሪጅ እንዲሁ አይሞትም፣ ገዳይ አለው» ብለው ቀጠሉ። በቀኝ በኩል ያሉት ሁለቱ የውጤት ትራንዚስተሮች ሾርት ሆነው ተገኙ። ፊውዝ ቢኖር እነሱ ላይ ያቆም ነበር። ፊውዙ በሽቦ ስለታለፈ ግን ኃይሉ ብሪጁንም ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው የቤቱ ብሬከር ብቻ ነበር።

ስለ መለዋወጫው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሲ 5200 እና ኤ 1943 የሚባሉት ትራንዚስተሮች አምፕሊፋየር ውስጥ በጣም የተለመዱ ናቸው። ፎርጅዳቸውም የዚያኑ ያህል በዝቷል። ጋሼ መሳቢያቸው ውስጥ ሰብረው የከፈቷቸው ሁለት አሉ። አንዱ ኦርጅናል፣ አንዱ ፎርጅድ። ከውጭ ስታዩአቸው አንድ ናቸው። ውስጣቸው ያለችው የሲሊከን ቁራጭ ግን በፎርጅዱ ግማሽ እንኳ አትሞላም። ዝቅ ባለ ድምፅ ይሠራል፤ ጨመር ስታደርጉት ይፈነዳል። ስለዚህ ከሚያምኑት ሰው ከመርካቶ ያስመጣሉ፣ እናንተም ትጠብቃላችሁ። እኔም ጠበቅኩ። በተባለልኝ ቀን ስሄድ ዕቃው አልደረሰም ነበር፤ አስቀድመው ግን አልደወሉልኝም። ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቅሬታዬ እውነተኛ ነው፤ ለሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ።

ቆሜ ስጠብቅ አንድ ወጣት ገባ። ለሠርግ ሳውንድ ሲስተም ያከራያል። የሱም አምፕሊፋየር ብሬከር ይጥላል፤ ግን አልፎ አልፎ ብቻ፣ ሲከፈት ብቻ። ብሬከሩን መልሶ ሲሞክረው ደህና ይሠራል። የሱ አልተበላሸም። ቀለበት የሚመስለው ትልቅ ትራንስፎርመር ሲከፈት፣ ለቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል፤ ሞገዱ ላይ የተከፈተበት ነጥብ ካልተመቸው ደግሞ ይብሳል። ቢ የሚል ምልክት ያለው ብሬከር ከመጠኑ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሲያልፍበት ወዲያው ይወርዳል። ሲ የሚለው ግን ወዲያው የሚወርደው ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሲያልፍበት ነው። ጋሼ ሁለት መንገድ ነገሩት። ወይ መጠኑ ሳይጨምር ዓይነቱ በባለሙያ ወደ ሲ ይቀየር፣ ወይ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ሲከፈት ለአፍታ ኃይሉን የሚገታ ሬዚስተርና፣ ከአፍታ በኋላ ሬዚስተሩን የሚያልፍ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ይግባ። ልጁ ሁለተኛውን መረጠ፤ በየሠርግ ቤቱ የሌላ ሰው ብሬከር ላይ ስለሚሰካ ለሱ የሚሻለው ያ ነው።

የኛው መጨረሻ ላይ ሲሠራ በቦታው ነበርኩ። ቀኝ በኩል ሁለቱንም ትራንዚስተሮች፣ ብሪጁን፣ አጠገባቸው ያሉትን የተቃጠሉ ትንንሽ ሬዚስተሮች ቀይረዋል። ትራንዚስተሩን ከብረቱ የምትለየውን ስስ ሚካ አዲስ አድርገው፣ ሙቀት የሚያሳልፈውን ነጭ ፔስት በስሱ ቀብተዋል። ፊውዙ አዲስ፣ 5 አምፔር። በአምፖሉ በኩል ከፈቱት፤ ብልጭ አለና ደበዘዘ። ስፒከር ከማሰራቸው በፊት መውጫው ላይ ቀጥተኛ ኃይል መኖሩን ለኩ። 12 ሚሊቮልት። ከ50 በታች ከሆነ ስፒከር አይጎዳም አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው በቀጥታ ሶኬት ላይ የሰኩት። ፍላሽ ከተቱና አንድ ማሲንቆ ለቀቁ። የማሲንቆው ጭራ ሲፋቅ የሚሰማው ያ ሻካራ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ልብስ ሰፊዎቹ ማሽናቸውን አቁመው «ጋሼ፣ ጨምሩት እንጂ!» አሉ።

ጋሼ ግን አልጨረሱም። «ትራንዚስተሩን የገደለውስ?» አሉ። የስፒከሩን ገመድ ጫፍ ፎቶ አስነስቼ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ወንድሜ ከቤት አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ጠጋኙ ያሰረው የቀኙ ገመድ ጫፍ እንደ መጥረጊያ ተበታትኗል። ከቀዩ በኩል የወጣች አንዲት ቀጭን ክር ጥቁሩ መያዣ ላይ መድረስ ትችላለች። ገመዱ በተነካ ቁጥር ሁለቱን ታገናኛለች። ዕቃው ደግሞ ስፒከር በኩል ሾርት ሲሆን የሚቆርጥ መከላከያ የሌለው የድሮ ሥሪት ነው። መጀመሪያ ፊውዙን የበላው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ትራንዚስተሩን የገደለው ግን ይህ ነው ብለው ያምናሉ፣ እኔም አምናለሁ። ጫፉን በደንብ ላጥ አድርጌ፣ አጥብቄ ጠምዝዤ፣ ወደ ውጭ የምትወጣ ክር ሳላስቀር እንዳስረው አሳዩኝ። ሁለት ቁራጭ የገመድ ጫፍ መያዣም በነጻ ሰጡኝ።

ሒሳቡ 2,400 ብር ሆነ። መፈተሻ 300 ብር በቅድሚያ ይቀበላሉ፤ ዕቃው ከተሠራ ከሒሳቡ ይቀንሱታል። የተቃጠሉትን ዕቃዎች ሁሉ በላስቲክ አድርገው መለሱልኝ፣ ያቺን ሽቦም ጭምር። ተማሪዎቼ ፊውዝ ስንማር አይተዋታል። ደረሰኝ የላቸውም። ይህ መስተካከል ያለበት ነገር ነው። ዋስትናው 3 ወር ነው፤ ቀኑን በፕላስተር ላይ ጽፈው ክዳኑ ውስጥ ይለጥፉታል። መቀመጫ የለም፤ ዝናብ ከሆነ በሩ ሥር ቆማችሁ ትበሰብሳላችሁ።

ዕቃችን እስከ ዛሬ ደህና ነው። የቤታችን ብሬከር ያው 16 ነው፤ አንዴም አልጣለም። መብራት ሲሄድ ግን አምፕሊፋየሩን ከሶኬት እንነቅላለን። ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ቆይተን ነው የምንሰካው። ይህንንም የነገሩን ጋሼ ናቸው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ዓርብ ከቀትር በፊት ለጁምዓ ይዘጋሉ፤ ከዘጉ ቶሎ አይከፍቱም። ሰኞ ለገበያ ከገጠር የሚመጣው ሰው ሬዲዮውን ይዞ ስለሚገባ መቆሚያ አይገኝም። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጠዋት ይሻላል። ስልክ ብዙም አያነሱም፤ ከሩቅ የምትመጡ ከሆነ ደሴ ያለ ዘመድ አስቀድሞ ጠይቆ ይንገራችሁ። የስፒከሩንም ገመድ አብራችሁ ያዙ፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ባይሆን ሁለተኛው እሱ ነው።